ሞልቶ የተገኘው ጠርሙስ

ሙሽሪት የሞተችው የሠርግ ቀሚሷን እንደለበሰች ነው። በቤይሩት፣ ቡርጅ ሃሙድ ሰፈር፣ በአርመናዊቷ ልብስ ሰፊ በአራክሲ ጓዳ ሶፋ ላይ በጀርባዋ ተጋድማ፣ እጆቿ ሆዷ ላይ ተደራርበው፣ ከንፈሯ ደማቅ ብርቱካንማ ቀለም ተቀብቶ። ላያት የተኛች ነው የምትመስለው። ለሠርጉ ስምንት ቀን ቀርቶት ነበር።

መርማሪ ሂያም ስትደርስ የነሐሴ ፀሐይ አናት ይበሳል። ሂያም ሃምሳ ያለፋት፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ናት። ሬሳ ሲያዩ ሌሎች ያዝናሉ፤ እሷ ትናደዳለች። ዛሬ ያናደዳት የሙሽሪት የሚሬይ ክንድ ነው። ሃያ አራት ዓመት የሞላት ልጅ ክንድ እንዴት የሕፃን ያህላል? ደግሞ በዚህ ላይ ቀሚሱ ጨምቆ ይዟታል!

«ጠጥታለች» አላት ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለወራት የተራበ ሰውነት ላይ አረቄ ሲጨመርበት ስኳሩ ወርዶ ራስን ያስታል። ግን እንዲህ ያለ ሞት ጊዜ ይሰጣል። ወዲያው ቢጠሩን ኖሮ ሳትተርፍ አትቀርም ነበር።»

«ማን አየና ዝም አለ ታዲያ?»

ሐኪሙ ወደ ሶፋው ሥር ጠቆማት።

ሶፋው ሥር አንድ የፕላስቲክ የውሃ ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልቶ ቆሟል። አፉ ላይ የከንፈር ቀለም የለበትም። ውሃው ጭጋግ ነገር ይታይበታል። ሂያም አንዲት ጠብታ ጣቷ ላይ አድርጋ ስትቀምስ ሐኪሙ «ኧረ መዳም!» ብሎ ጮኸ። ጨው ጨው ይላል። ከጨውም ሥር እዚህ አገር አረቄ የሚጣልበት የእንስላል ጠረን አለው።

መጀመሪያ አራክሲን ጠየቀቻት። አሮጊቷ መርፌዎቿን ከደረቷ ላይ እንኳ አልነቀለችም።

«ቀሚሱን ሦስት ጊዜ አጥብቢ ተባልኩ፣ የኔ ልጅ። ‹ኦዴት፣ ልጅቷ እኮ መተንፈስ አቃታት› ስላት፣ ‹አንቺ ዝም ብለሽ ስፊ› አለችኝ፤ እናት ናት ምን እላታለሁ?»

«ጓዳ ማን ማን ገባ?»

«ሚሬይ ልረፍ ብላ ገባች። ከዚያ እኔም፣ አማቲቱም፣ እናትየዋም ተራ በተራ ገብተናል። ታናሽ እህቷም ወጣ ገባ ስትል ነበር። በኋላ ‹ተኝታለች፣ ተዉአት› ተባለ። ማን እንዳለው እንጃ፤ ማሽኑ ይጮሃል።»

አማቲቱ መዳም ጋዳ መተላለፊያው ላይ፣ ከትልቁ የመጠጥ ውሃ ጀሪካን አጠገብ ተቀምጣለች። ከጠዋት ጀምሮ ከዚያ ወንበር የተነሳችው አንዴ ብቻ መሆኑን ሁሉም መስክረዋል።

«አልወደድኳትም፣ አልዋሽም» አለች። «ለልጄ አጥንት ልዳርለት እንዴ? ገብቼ ሳያት ደግሞ አረቄ ሸተተችኝ። ወጥቼ ለኦዴት ነገርኳት። በስኳር የተለበጠውን ለውዝ እያዞረች ነበር። ‹አንዴ ሰክራ ባያት ሠርጉ ቀረ!› አልኳት። እግዜር ይይልኝ፣ ሌላ ያደረግኩት የለም።»

ታናሽ እህቷ ጆይስ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። በዚያ ሙቀት እጅጌዋን እስከ ጣቷ ስባ፣ የራሷን የውሃ ጠርሙስ ታቅፋ ቆማለች። ሂያም ከመንገድ የገዛችውን ሰሊጥ የተነሰነሰበት ዳቦ ቆርሳ ዘረጋችላት።

«በልቻለሁ፣ አክስቴ።»

«ሚሬይስ በልታ ነበር?»

«እሷ?» ልጅቷ ልትስቅ ዳዳትና ተወችው። «ጠርሙሷን ብቻ ነው የያዘችው። እዚህ ስንደርስ ግማሽ ሆኖ ነበር።»

እናትየዋ መዳም ኦዴት ፀጉሯን ተሠርታ፣ ዕንቁዋን ደርድራ፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ጨምድዳለች። ከንፈሯ ግን ባዶ ነው።

«ልጄ ከውሃ ሌላ አፏ አይገባም! ይኸው ጠርሙሷ!» ብላ አለቀሰች።

ሂያም ሁሉንም ጓዳ ሰበሰበቻቸው። ሐኪሙ ሬሳውን በነጭ ጨርቅ ሸፍኖታል።

«እትዬ አራክሲ፣ የቧንቧ ውሃ ይጠጣሉ?»

«አበድሽ? ጨው እኮ ነው፣ ባሕር! ድመቴም አትነካውም።»

«ግማሽ የነበረው ጠርሙስ በቧንቧ ውሃ ሞልቷል። አንድ ሰው የነበረውን አረቄ መጸዳጃ ቤት ደፍቶ፣ ከዚያው ቧንቧ ቀዳበት። ጠርሙሱ ግን በደንብ አልታጠበም። ለምን ከጀሪካኑ አልቀዳም? ጀሪካኑ አጠገብ መዳም ጋዳ አለች። ደባቂው ከእሷ ነው የሚደበቀው። ስለዚህ ጋዳ ራሷ አይደለችም። እትዬ አራክሲ ደግሞ ቤታቸው ነው፣ ውሃ ቢቀዱ ማን ልብ ይላል?»

ቀና ብላ ኦዴትን አየቻት።

«ሚሬይ ከዚህ ጠርሙስ ስትጠጣ ውላ አፉ ላይ ቀለም የለም። ስለዚህ ከንፈሯን የቀባት ሌላ ሰው ነው፤ ያውም ከወደቀች በኋላ። መዳም ኦዴት፣ እንዲህ አጊጠው ከንፈርዎን ሳይቀቡ ነው ከቤት የወጡት? ወይስ ቀለሙ አንድ መሆኑ እንዳይታወቅ ጠረጉት? ቦርሳዎን ይክፈቱ።»

ቦርሳው አልተከፈተም። ወለሉ ላይ ወደቀ።

«ትተነፍስ ነበር» አለች ኦዴት። «ሐኪም ብጠራ ጋዳ ትሰማለች። ሰካራም ይሏታል፤ ሠርጉ ይቀራል። አስተካክዬ አስተኛኋት። ሲለቃት ትነሳለች ብዬ… ከንፈሯ እንዳይገረጣ ቀለም… የአንድ ቀን ነገር ነው፣ ልጄ ጠጪ አልነበረችም!»

ሂያም መተላለፊያው ላይ ካለው ጀሪካን አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀድታ ተመለሰች።

«ጆይስ፣ ጠርሙስሽን አምጪ።»

ልጅቷ ጠርሙሱን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። ከዚያ ለቀቀችው። ሂያም ብርጭቆው ውስጥ ጠብ ስታደርግበት ውሃው ወተት መስሎ ነጣ። አረቄ ውሃ ሲያገኝ እንዲህ እንደሚሆን በዚያ ቤት የማያውቅ አልነበረም።

«አንቺም?» አለች ኦዴት።

«ሲርበኝ ነው፣ ማማ። ስጠጣ ረሃቡ ዝም ይላል። ከዚያ ደግሞ ጠጣሁ ብዬ ምግቡን እተዋለሁ። ሚሬይ ናት ያሳየችኝ። ዛሬም የሁለታችንንም የሞላሁት ከአያታችን የአረቄ ገንቦ ነው…» ልጅቷ ወደ ነጩ ጨርቅ ዞረች። «እኔ ነኝ የገደልኳት?»

«አይደለሽም!» ሂያም ጮኸች፤ ጓዳው ሁሉ ደነገጠ። «ሰማሽኝ? አይደለሽም። ዶክተር፣ ይቺን አሁን፣ በዚችው ደቂቃ ይዘሃት ሂድ። ብቻዋን እንዳትተዋት።»

ጆይስ ስታልፍ እናቷ እጇን ዘረጋች፤ ልጅቷ ግን አልያዘችውም።

ፖሊሶቹ ኦዴትን ሲወስዷት በሩ ላይ ቆመች። በሀገሩ ሳታገባ የሞተች ልጅ በሙሽራ ልብስ ነው የምትቀበረው።

«አራክሲ» አለች። «ቀሚሱን አስፊላት። ጠቧታል።»

አራክሲ መቀሷን አንስታ ነጩን ጨርቅ ገለጠችና የቀሚሱን ስፌት ከጎን በኩል መፍታት ጀመረች።