የከሰዓቱ ቻው

ከምሳ በኋላ የልጆቹን እንግሊዝኛ አውልቆ ጣሊያንኛ ማጥለቅ የስንዱ ሥራ ነበር። እንግሊዝኛው ሰማያዊ ቆብ ነው፣ ጣሊያንኛው አረንጓዴ። ጠዋት ሰማያዊውን ያጠለቀ ልጅ እስከ ምሳ ድረስ በእንግሊዝኛ ይደምራል፣ በእንግሊዝኛ ያሳብቃል፣ በእንግሊዝኛ ይጣላል። ከሰዓት አረንጓዴው ሲጠልቅለት ደግሞ ያቋረጠውን ጠብ በጣሊያንኛ ይቀጥላል። ስንዱ የወለቁትን ትሰበስባለች፣ ላብ የጠጣውን ስፖንጃቸውን ትጠርጋለች፣ እግረ መንገዷንም ቅማል ትፈልጋለች። ጨረቃ ላይ ቅማል አይደርስም ያለውን ሰው አንድ ቀን ብታገኘው የምታሳየው ነበራት።

ቆቡን ልሳነ ቆብ ይሉታል፤ ቃላትን ጭንቅላት ውስጥ የሚያንቆረቁር ቆብ ማለት ነው። እንዲህ የተደከመበትም በከተማዋ ጠባይ ነው። አፋፍ ከተማ የተሠራችው ፀሐይ ገብቶበት ከማያውቅ የጨረቃ ጉድጓድ ከንፈር ላይ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ በረዶ አለ፤ በረዶውን የሚያወጡት ሁለት ድርጅቶች ናቸው፣ የምሥራቁ እንግሊዝኛ ተናጋሪ፣ የምዕራቡ ጣሊያንኛ ተናጋሪ። በቋንቋ ሳይስማሙ ከተማዋን አብረው ስለሠሯት በሮቿ ሁለት ዓይነት ሆነው ቀሩ። የምሥራቅ በር በእንግሊዝኛ ካላናገሩት ንቅንቅ አይልም፤ የምዕራብ በር ደግሞ ጣሊያንኛ ካልሆነ ጆሮም የለው። አየር ያፈተለከ ቀን የተዘጋ በር ፊት ቆሞ ቃል የጠፋው ሰው ምን እንደሚሆን ለማንም አይነገርም፤ ሁሉም ያውቀዋል። ስለዚህ ሕጉ አጭር ነበር፦ በሁለቱም ቋንቋ አንደኛ ደረጃን መከታተል ያልቻለ ልጅ ወደ ምድር ይወርዳል። በረዶ ከሚፈልጡት ሰዎች ብዙዎቹ ሐበሾች ነበሩ፤ አማርኛ ግን በር አይከፍትም። አማርኛ ቤት ገብተው ጫማ ሲያወልቁ የሚናገሩት ነው።

ችግሩ የመጣው በወለላ ነው። ወለላ የስንዱ ታናሽ እህት ናት፣ ገና ስድስት ዓመቷ። ጠዋት ጠዋት ደህና ናት፤ እንደውም ሰማያዊው ቆብ ሲጠልቅላት አፏ አይገጠምም። ከሰዓት ግን ማኤስትራ ትበራለች። ማኤስትራ በጣሊያንኛ መምህርት ማለት ነው፤ ይህቺኛዋ ሥጋ የላትም፣ ከጣሪያ በሚወርድ ብርሃን የተሳለች ቀይ ቀሚስ ለባሽ ሴት ናት። ክፍሉ መሃል ቦግ ትልና እጇን እያውለበለበች «ቻው!» ትላለች። ሌሎቹ የሐበሻ ልጆች በሴትዮዋ ነገረ ሥራ እየሳቁ «ቻው» ይሏታል። ወለላ ግን ትነሳለች። ቦርሳዋን ታነግታለች፣ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ታስጠጋለች፣ በሩ ጋ ሄዳ ግድግዳውን ተደግፋ ትቆማለች። አታለቅስም። ለምን ሲሏትም አትናገርም። ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ እዚያው ቆማ ትውላለች።

የቆብ ባለሙያው ተጠርቶ መጣ። ቆቡን አገላብጦ አየና ጤነኛ ነው አለ፤ ልጅቷን አየና ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ርዕሰ መምህርቷ ወይዘሮ ፋናዬ ስንዱን ቢሯቸው አስጠሯት። ደግ ሴት ናቸው፤ ክፉ ነገር ሲናገሩ የጠረጴዛ ጨርቅ የማቃናት ልማድ ነበራቸው።

«ስንዱዬ፣ ነገ ፈተና ነው» አሉ ጨርቁን እያቃኑ። «ፈተናውን የሚይዘው ማሽን ነው፣ እኔ አይደለሁም። ከወንበሯ ከተነሳች ቋንቋውን አልቀበል አለች ብሎ ይመዘግብባታል። ከዚያ ወዲያ በሚቀጥለው መንኮራኩር ትወርዳለች።»

«እኔስ?»

«አንቺ ውል አለብሽ፣ የኔ ልጅ። እሷን ማሳደጊያ ይቀበሏታል።»

ስንዱ የምሳው ወጥ ምስር ነው የተባለች ያህል ራሷን ነቀነቀች፣ ተነሳች፣ ወደ ቆቦቿ ተመለሰች። መደንገጥ እንዳለባት አላጣችውም። ግን ድንጋጤው አልመጣም። እናታቸው በበረዶው አሳንሰር ወደ ጉድጓዱ ወርዳ ሳትመለስ ከቀረች ወዲህ እንዲህ ሆናለች። ጎረቤቱ ሁሉ ሲያለቅስ እሷ የቡና ሲኒ ስታጥብ ነበር። ውስጧ ብዙ ተቀምጠውበት እንደ ደነዘዘ እግር ነው፤ የራሷ እንደሆነ ታውቃለች፣ ስትነካው ግን የሰው ይመስላታል። አንዳንዱ ጎረቤት ጠንካራ ልጅ ይላት ነበር። ሌላው ሌላ ይላል፣ ከኋላዋ።

ያም ሆኖ እጇ መሥራቱን አልተወም። ከሰዓት ልጆቹ ከወጡ በኋላ የወለላን አረንጓዴ ቆብ አነሳች፣ ግራና ቀኝ አየች፣ ራሷ ላይ ደፋችው። ክልክል ነው። እሷ ገና ምድር ላይ ከአራተኛ ክፍል የቀረችና ለሥራ የመጣች ልጅ ናት፤ ጣሊያንኛዋም በር የሚከፍቱ ሦስት ቃላትና ከፈላጮቹ የለቀመቻቸው ሁለት ስድቦች ናቸው። ቆቡ ሞቅ አለ፣ ጆሮ ግንዷ ስር እንደ ሻይ የሆነ ነገር ፈሰሰ፣ ማኤስትራም ቦግ አለች።

«ቻው፣ ስንዱ!»

የስንዱ እጅ ለብቻው ብድግ ብሎ አውለበለበ። እግሯም ዞረ። በሩ አጠገብ ደርሳ ነው የት እየሄድኩ ነው ብላ ራሷን የጠየቀችው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ገና ሳትጀምሪ ምን ታባርሪኛለሽ?» አለች፤ ከአፏ የወጣው ጥርት ያለ ጣሊያንኛ ነበር።

«አላባረርኩሽም። ሰላም ብዬሽ ነው» አለች ማኤስትራ።

«ቻው ብለሽ?»

«ቻው ብዬ።»

«እሱ እኮ የመሄጃ ነው።»

«የመምጫም ነው» አለች ማኤስትራ። «ቆቡ አልነገረሽም?»

አልነገራትም። ማኤስትራ ብርሃኗ ትንሽ ደብዘዝ አለ፤ ስታስብ እንዲያ ያደርጋታል። ከዚያ ነገሩን አስረዳቻት። ቆቡ ቦታ ለመቆጠብ ሲል ጭንቅላት ውስጥ ቀድሞ ያገኘውን ቃል ዳግም አያፈስም። የሐበሻ ልጅ ጭንቅላት ሲከፍት መኪና ተቀምጧል፣ ቦርሳ ተቀምጧል፣ ካልሲ ተቀምጧል። ቻውም ተቀምጧል። ይህስ አለ ብሎ ያልፋል። ቃሉ አማርኛ ቤት ሲገባ በአንድ እግሩ ብቻ መግባቱን፣ የመምጫው እግር ጣሊያን አገር መቅረቱን የመረመረ ሰው አልነበረም።

ስንዱ ሌላ ሰላምታ ተጠቀሚ አለቻት። ማኤስትራ የፈተናው መክፈቻ ታሽጎ የመጣ ነው፣ መንካት አልችልም አለች። ደግሞስ የምዕራብ በሮች ሁሉ ሲከፈቱ የሚሉት ቻው አይደል፤ ልጅቷ በየደረሰችበት በር ቦርሳዋን አንግታ ልትቆም ነው?

«ሌላ መንገድ አለ» አለች ማኤስትራ። «ፍቀጂልኝና የእሷን ቻው በእኔ ቻው ልተካው። አንዲት ቃል ናት። አሮጌው ይጠፋል።»

«እስከየት ድረስ ነው የሚጠፋው?»

«እስከ ሥሩ። እስከ ዛሬ የሰማችው ቻው ሁሉ በአዲሱ ትርጉም ይሰማታል።»

ስንዱ ለወይዘሮ ፋናዬ ስትነግራቸው እፎይ አሉ። እና ምን ትጠብቂያለሽ፣ አስተኪው አሉ። እኔም ዛሬ በሰላም ልተኛ ብለውም ጨመሩ። ስንዱ እሺም እምቢም ሳትል ወጣች።

ወለላን የምግብ አዳራሽ ውስጥ አገኘቻት፤ ዳቦ እያደቀቀች፣ የደቀቀውን እየለቀመች ትበላለች። ስንዱ ከጎኗ ተቀመጠችና፣ እስካሁን ሁሉም እንደጠየቃት ሳይሆን፣ ማኤስትራ ቻው ስትልሽ እሷ ወዴት ነው የምትሄደው አለቻት።

ወለላ ማኘኳን አቆመች። «ቻው ያለ ሰው ይሄዳል» አለች። «ማኤስትራ ደስ ትለኛለች። እሷ ከምትሄድብኝ እኔ ልቅደማት ብዬ ነው።» ፍርፋሪውን በጣቷ እየገፋች፣ «እማዬ ቻው ስትለኝ አሻንጉሊቴን ጫማ እያደረግኩላት ነበር። ቀና አላልኩም» አለች።

ስንዱ የጠረጴዛውን ፍርፋሪ በእጇ ሰበሰበች። ቃሉ ቢተካ ምን እንደሚሆን አሁን ታያት። እናታቸው በወለላ ጭንቅላት ውስጥ ዕድሜ ልኳን አሳንሰሩ በር ላይ ቆማ መጣሁ ስትል ትኖራለች። ለራሷ ቢሆን ስንዱ እንኳን ልትፈቅድ፣ ቶሎ በሉ ብላ ትለምን ነበር። ግን ቻው ያለችው እናታቸው ናት፤ ቃሉ የእሷ ነው። የሞተ ሰው ቃል ደግሞ እንደ ቀሚሱ በማንም ልክ አይሰፋም።

ስለዚህ በአፏ ነገረቻት፣ በአማርኛ፣ ያለ ቆብ። ጣሊያኖቹ ሲመጡም ሲሄዱም ቻው ነው የሚሉት፣ ማኤስትራ መጣሁ ማለቷ ነው አለቻት። ወለላ ነገሩን ከዳቦው ጋር አላመጠችው።

«እማዬስ በየትኛው ነው ያለችው?» አለች በመጨረሻ። «በጣሊያንኛው ነው በአማርኛው?»

ስንዱ ይህን አልጠበቀችም ነበር። በጣሊያንኛው ብትላት ልጅቷ ደስ ብሏት ታድራለች፣ ፈተናዋንም እየዘለለች ትገባለች። ከዚያ ግን ነገም ከነገ ወዲያም አሳንሰሩ በር ላይ ትጠብቃለች። የደነዘዘ ሰው መዋሸት አያቅተውም፣ እውነት መናገርም እንደዚያው።

«በአማርኛው» አለች።

ወለላ ዳቦውን አስቀመጠች። ፊቷን በስንዱ ሽርጥ ውስጥ ቀበረችና ከዚያ ቀን ወዲህ ያላለቀሰችውን አለቀሰች። ስንዱ ጀርባዋን መታ መታ እያደረገች ያዘቻት። ሽርጧ ሲረጥብ ታወቃት፤ ከዚያ ያለፈ የታወቃት ነገር የለም። እዚያው ተቀመጡ፣ አዳራሹ ባዶ እስኪሆን።

ዓርብ ፈተናው ሲጀመር ስንዱና ወይዘሮ ፋናዬ ከፈተናው ክፍል የመስተዋት ግድግዳ ጀርባ ቆሙ። ቃሉን እንዳላስተካችው ስትነግራቸው ወይዘሮ ፋናዬ ተቆጥተዋት ነበር፤ አሁን ግን ክንዷን ጨምድደው ይዘዋል። ክፍሉ ውስጥ ወለላ ብቻዋን ተቀምጣለች፣ አረንጓዴው ቆብ ጆሮዋ ድረስ ወርዶ። ማኤስትራ ቦግ አለች።

«ቻው፣ ወለላ!»

የወለላ እጅ ወደ ቦርሳዋ ሄደ። ማንጠልጠያውን ያዘች። ከወንበሯ ብድግ ለማለትም ጉልበቷ ተንቀሳቀሰ፤ ወይዘሮ ፋናዬ ማርያም ማርያም ማለት ጀመሩ። ከዚያ ልጅቷ ቀና አለች። ማኤስትራን አየቻት፤ ከፀጉሯ ጀምራ ቀስ እያለች እስከ ጫማዋ ወረደች። የብርሃን ጫማ ወለል አይነካም፣ ጫፉ ግን ወደ ወለላ ነበር የዞረው።

«ቻው፣ ማኤስትራ» አለች ወለላ፣ ቦርሳውን ለቀቀች።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁማት። ማሽኑ ስለ ቁርሷ ቢጠይቃት ስለ ራቷም ነገረችው፤ ቁጥር ቁጠሪ ቢላት በቃ እስኪላት ቆጠረች። አልፋለች የሚለው ጽሑፍ መስተዋቱ ላይ ሲበራ ወይዘሮ ፋናዬ ስንዱን አገላብጠው ሳሟት፣ ነገ ደግሞ ቅጣትሽን እነግርሻለሁ አሉ፣ መልሰው ሳሟት። ስንዱ ደስ እንዳላት ተናገረች። መናገር ያለባት ነገር ነበር።

ወደ ቤት በሚወስደው መተላለፊያ ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሄዱ። የጨረቃ መሬት አይከብድምና ወለላ በየእርምጃዋ ትንሳፈፋለች፤ ስንዱ እንደ ፊኛ ትጎትታታለች።

«ግን ስንዱ» አለች ወለላ፣ «ጣሊያኖቹ አንዱ ቻው ሲላቸው እየመጣ ይሁን እየሄደ በምን ያውቃሉ?»

«ዓይን የላቸውም እንዴ? ቀና ብለው ያዩታል።»

«ሁሌ?»

«ሁሌ ነዋ። ሳያዩ ምኑን ያውቁታል?» አለችና ስንዱ፣ ቀልዷን ልትጨርስ ወደ ወለላ ዞረች። ወለላ አፏን ከፍታ እየሳቀች ነበር። ላይኛው ረድፍ መሃል ላይ የፊት ጥርሷ የለም።

ስንዱ ቆመች። ይህን አፍ በየቀኑ አጉርሳዋለች፤ ከላይ ያለውንም ራስ በየቀኑ ቆብ አጥልቃለታለች።

«ጥርስሽ መቼ ነው የወለቀው?»

«ቆየ እኮ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነገርኩሽ» አለች ወለላ፣ ምንም ቅር ሳይላት። «እሺ አልሽኝ።»

ስንዱ መተላለፊያው መሃል ተንበረከከች፤ ከኋላ የሚመጡት በረዶ ፈላጮች እየተነጫነጩ በጎን አለፏት። እስቲ ክፈቺ አለቻት። ወለላ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጥላ አፏን እስከ ጉሮሮዋ ከፈተችላት። ስንዱ ሌባ ጣቷን ክፍተቱ ላይ አደረገች። ድዱ ለስላሳ ነው፣ ሞቃት። መሃሉ ላይ ግን አዲሱ ጥርስ ጫፉን አውጥቶ ነበርና ጣቷን ሻከራት።