አንገቱን ያሰገገው ሌንስ

የካሜራ መደብሩ ባለቤት፣ ሽማግሌው፣ በጠረጴዛቸው ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። ማጅራታቸው ተፈንክቷል። አጠገባቸው አንዲት ቀላል የፕላስቲክ ዙም ሌንስ ተሰባብራ ወድቃለች።

መርማሪው ሲደርስ ዓይኑ እንደ ልማዱ ግማሽ ተከድኖ ነበር። ሰፈሩ «እንቅልፎ» የሚለው ለዚህ ነው፤ ሚስቱም ሳትቀር።

ከፊት ለፊት ያለው ልብስ ሰፊ ከሦስት ሰዎች በቀር የገባ እንደሌለ መሰከረ፦ የሟቹ ሸሪክ የሆነው የሚስታቸው ወንድም፣ የካሜራ ጠጋኙ፣ እና አንዲት የሠርግ ፎቶ አንሺ። ሸሪኩ ክራቫቱን እያስተካከለ፣ ሴትዮዋ በፕላስቲኳ ሌንስ ዋጋ ስትጨቃጨቅ እንደነበረ፣ በመጨረሻም በዚያችው እንደመታቻቸው ተናገረ። ጠጋኙ መለዋወጫ ሊገዛ ወጥቶ ሲመለስ ሬሳ ነው ያገኘው።

ሠርግ አንሺዋ መከራከሯን አልካደችም። ከባድ ሌንስ ተሸክማ ትከሻዋ አልቋል፤ ትከሻንም ኪስንም የማይጎዳ ፈልጋ መጣች፤ ሽማግሌው ይቺን መረጡላት፤ በራሷ ካሜራ ልትሞክራት ካሜራዋን ልታመጣ ሄደች። ፖሊሱ ካቴና ሲያወጣ እጇን ኪሷ ከተተች።

«የሥራ እጅ ነው፤ ላልሠራሁት አልዘረጋም።»

እንቅልፎ ስባሪዋን በመዳፉ መዘናት። «በዚች ሌንስ ዝንብ ቢመቱ፣ ዝንቡ ይስቃል» አለ።

ከዚያ ቀና አለ። ለደንበኛ መሞከሪያ የሚሆኑ ካሜራዎች ከነሌንሳቸው በማንገቻ ተሰቅለዋል። ሌንሶቹ ሁሉ ተስቦ የሚወጣ አንገታቸውን ሰብስበዋል፤ አንዱ ከባድ ሌንስ ብቻ አንገቱን ወደ መሬት አስግጓል። ጠጋ ብሎ አሸተተው፤ የመጥረጊያ አልኮል ይሸታል።

ሦስቱንም ሰብስቦ ከባድ ዙም ሌንስ ያለው ሌላ ካሜራ በየተራ ሰጣቸው። «እስኪ ስቀሉልኝ።»

ጠጋኙ ሳያይ በአውራ ጣቱ የሌንሱን መቆለፊያ ገፋና ሰቀለው። ሠርግ አንሺዋም እንዲሁ። ሸሪኩ ዝም ብሎ ሰቀለው፤ የሌንሱም አንገት በገዛ ክብደቱ ቀስ እያለ ተንሸራቶ ወረደ።

«ከባድ ዙም ካልተቆለፈ እንዲህ ነው» አለ እንቅልፎ። «ሥራው የገባው ሰው ቢቸኩልም እጁ አይረሳም። ገዳዩ ጠርጎ መልሶ ሰቀለው፤ መቆለፉን ግን አያውቅም። ቀላሏን የሰበረው ይህችን ሴት ሊያስይዝባት ነው። ደሙ ደግሞ በዚያኛው ሌንስ የላስቲክ መያዣ ስርጉድ ውስጥ አለ፤ ጨርቅ እዚያ አይደርስም። አንተ ከባድ ዕቃ መሸጥ እንጂ መያዝ አልተማርክም።»

ሸሪኩ ክራቫቱን አላላ። «የመደብሩን መስኮት በርካሽ ዕቃ ሊሞሉት ነበር» አለ በመጨረሻ። «መሳቂያ ሊያደርጉን። ይተዉ ብላቸው ጀርባቸውን ሰጡኝ።»

ካቴናው ለሚገባው እጅ ደረሰ። ሠርግ አንሺዋ ወደ ጠጋኙ ዞረች።

«ጋሼ፣ ከዚያችው ዓይነት ሌላ አለ?»

«አንዲት ቀርታለች።»

«አምጣት። እሳቸው የመረጡልኝን አቶ ክራቫት አያስቀይረኝም።»

ካሜራዋ ላይ ገጠመቻት፣ በታመመው ትከሻዋ አነገተቻት፤ መንገዱን የዘጋውን እስረኛ «እለፍ እንጂ፣ ሙሽሮች እየጠበቁኝ ነው» ብላው ወጣች።