በቀዩ ስፖንጅ ላይ

አርኔል ከማኒላ መጥቶ አኒላኦ በምትባል የባሕር ዳር መንደር ባሕር ውስጥ የገባ ቀን መጀመሪያ የሠራው ሥራ አሸዋ መበጥበጥ ነበር። በእግሩ መቅዘፊያ ያስነሳው ደመና ጠላቂዎችን የምትመራውን ሮዌናን እስከ አናቷ ዋጣት። ተናደደች። ጠጋ አለችና ሁለት ሌባ ጣቶቿን ጎን ለጎን ገጥማ አሳየችው። በጠላቂዎች ቋንቋ «ከአጠገቤ አትለይ» ማለት ነው።

ከዚያ በዘንጓ አንድ ነገር ጠቆመችለት። የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ዛጎል የሌላት የባሕር ቀንድ አውጣ! ሰማያዊ ገላ፣ ወርቃማ ጠርዝ፣ ጀርባዋ ላይ እንደ አበባ የተከፈተ መተንፈሻ። አርኔል ካሜራ መያዙን ረሳ።

ጀልባው ላይ ሲወጡ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ጨው ገባብህ እንዴ?» አለችው ሮዌና።

«አይ... እንዲህ ያለ ነገር እዚህ እየኖረ፣ እኔ እስከ ዛሬ የት ነበርኩ?»

ሽማግሌው ጀልባ ነጂ ማንግ ቤርቶ ሳቀ። «ሮዌና፣ አለቀለት በይ! ይሄ ልጅ ከእንግዲህ ማኒላ አይመለስም።»

እውነትም ሰነበተ። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እሱና ሮዌና ፎቶዎቹን እያዩ የእያንዳንዷን ቀንድ አውጣ ስም ይፈልጋሉ። በቀንዷ ቅርጽ፣ በጠርዟ ቀለም ይከራከራሉ። በክርክሩ መሃል ፍቅር ሰተት ብሎ ገባ።

አንድ ቀን አርኔል ከዳርቻው ውሃ ያነሳውን ፎቶ በደስታ አሳያት። ያቺው ሰማያዊ፣ ስፖንጅ በሚባለው ቀዳዳ የበዛበት ቀይ የባሕር እንስሳ ላይ። የሮዌና ፊት ጠቆረ።

«ይቺ የምትበላው ሰማያዊውን ስፖንጅ ነው። ቀዩ ላይ ምን ትሠራለች? ለፎቶ እንድታምርልህ አንስተህ አስቀመጥካት፣ አይደል?»

«ኧረ አልነካኋትም! እዚያው ነው ያገኘኋት።»

«ፍጡር ከቦታው የሚያነሳ ሰው ከእኔ ጋር አይጠልቅም። ነገ የሚመለስ ጀልባ አለ፣ ሂድ!»

«ካላመንሽኝማ... እሄዳለሁ።»

በማግስቱ ማለዳ ሮዌና ልቧ አላርፍ ስላላት የውሃ መነጽሯን አጥልቃ ገባች። ቀዩን ስፖንጅ አገኘችው። እዚያ ላይ ሰማያዊዋ ቀስ ብላ ትዞራለች፤ ከኋላዋ ነጭ ጥብጣብ ይወጣል። ጥብጣቡ ተጠቅልሎ፣ ቅጠል በቅጠል ላይ ተደራርቦ ጽጌረዳ ሆኗል። እንቁላል ነው! ከታች ደግሞ ሌላ ሰማያዊ እየተሳበች ወደዚያው ትወጣለች። ማንም አላመጣትም። ሮዌና በዚያች ኢምንት ፍጡር ፊት ፈዝዛ ቀረች። ወዲያው አርኔል ትዝ አላት።

ከውሃው ወጥታ ወደቡ በሩጫ ደረሰች። ጀልባው ተነስቷል።

«አርኔል!... አርኔል!»

ሞተሩ ድምፅዋን ዋጠው። እጆቿን ከፍ አድርጋ ሁለቱን ሌባ ጣቶቿን ገጠመች።

አርኔል አያት። ካሜራውን ማንግ ቤርቶ ጭን ላይ ጥሎ ከነጫማው ባሕር ውስጥ ዘለለ!

«ቀዩ ላይ የሄደችው እንቁላል ልትጥል ነው» አለችው ሮዌና ውሃ እያንጠባጠበ ሲወጣ። «በዓይኔ አየሁ። ይቅር በለኝ።»

«ባታዪ ኖሮስ ታምኚኝ ነበር?»

«ባላምንህ ኖሮ በማለዳ ምን ልፈልግ ገባሁ? እወድሃለሁ እኮ፣ አንተ አሸዋ በጥባጭ!»

አርኔል ሁለት እርጥብ ጣቶቹን ገጥሞ አሳያት።

«ካሜራህንስ ምን ላድርገው?» ብሎ ማንግ ቤርቶ ከጀልባው ጮኸ። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ቀዩ ስፖንጅ እየዋኙ ነበር። በዚያን ቀን አርኔል ቅንጣት አሸዋ አላስነሳም።