አርባ ሦስት እምቢተኞች

ላማር ፒከንስ በሠላሳ አንድ ዓመቱ፣ ሐሙስ ቀትር ላይ፣ በካውንቲው፣ ማለትም በወረዳው አስተዳደር፣ እስር ቤት አራተኛ ክፍል ወለል ላይ ሞቶ ተገኘ። ነገሩ ኮራ ትሪግስ እጅ ሲገባ ከተቀበረ አምስት ወር ሆኖታል። የደረሷት አንድ ፎቶግራፍና አንድ ቅጽ ናቸው። በፎቶግራፉ ላይ ሰውየው ጉልበቱን ወደ ደረቱ ሰብስቦ ተኝቷል፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ቅጹ ደግሞ «ታሳሪው ኢንሱሊኑን አልቀበልም ብሏል» ይላል። ከሥሩ ፊርማው አለ።

ኮራ ሃያ ሁለት ዓመት በሚሲሲፒ ፖስታ ቤቶች የተጭበረበረ ደብዳቤ ስትመረምር ኖራ ጡረታ የወጣች፣ ነገር የማያመልጣት ሴት ናት። የቀጠራት የእናቲቱ ጠበቃ ነው። እናቲቱ ቨርኔታ ፒከንስ በረንዳዋ ላይ ቀዝቃዛ ሻይ ቀዳችላት።

«ፖሊስ የጠራሁት እኔ ነኝ» አለች። «ስኳሩ ከፍ ብሎበት ይቀባዥር ነበር። ሐኪም ይዘው ይመጣሉ ብዬ። እነሱ ሰክሯል ብለው በካቴና ወሰዱት። መድኃኒቱን በእጄ አስረከብኳቸው።»

«ከዚህ ክስ ምን ትፈልጊያለሽ፣ እህቴ?»

«ተቀይሞኝ እንደሆነ ማወቅ። ‹እናቴ አሳልፋ ሰጠችኝ› ብሎ መድኃኒቱን ገፍቶ ከሆነ፣ የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ኮራ ቅጹን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ተነሳች።

መጀመሪያ ያነጋገረችው የእስር ቤቱን ነርስ ዳርሊንን ነው።

«እኔ የምመጣው ሰኞና ዓርብ ነው» አለች ነርሷ። «እሱ የገባው ማክሰኞ፣ የሞተው ሐሙስ። ፊቱንም አላየሁት።»

«በመሀሉ መርፌ የሚወጋ ማነው?»

«ማንም። ጠባቂ መርፌ አይነካም፤ ክልክል ነው።»

«ታዲያ መርፌ የሚያስፈልገው ሰው ማክሰኞ ቢገባስ?»

ዳርሊን ቦርሳዋን አንስታ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች። «ኧረ አታስለፍልፊኝ፤ የማሳድጋቸው ልጆች አሉኝ።»

የእስር ቤቱ አዛዥ ካፒቴን ሮይስ ባስኪን ሳቂታ ነው፤ ሳቁም ያናድዳል። «እኛ ዘንድ ሁሉ ነገር በወረቀት ነው። አልፈልግም አለ፣ ፈረመ። አንቀን ልንወጋው ኖሯል?»

ኮራ የእንግዳ መዝገብ ላይ ለመፈረም በመግቢያው ጠረጴዛ ላይ በአጭር ሰንሰለት የታሰረውን እስክሪብቶ አነሳች። ቀለሙ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ።

«ይሄን ከየት አመጣችሁት?»

«ከገና የተረፈ ነው። ሦስት ዓመት ሆነው፤ ሌላውን ሁሉ ይሰርቁናል። ሌባ እናስራለን እንጂ ሌብነት ማቆም አልቻልንም።»

«ወደ ክፍሎቹስ እስክሪብቶ ይገባል?»

«ምን ሲደረግ? እርሳስ ብቻ፣ እሱም ጣት የማያክል።»

የቀረው ቅጹን የሞላው ጠባቂ ዌንደል ሃስኪንስ ነው። የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነው፤ ከላማር ጋር በልጅነታቸው ቤዝቦል ተጫውቷል። ኮራ መኪናው ድረስ ተከተለችው። «ጠበቃ አትናገር ብሎኛል» አለና፣ ፊቷን ሳያይ በሩን ዘጋ።

ቨርኔታ የከሰሰችው ካውንቲውንና ዌንደልን ነው። ፍርድ ቤቱ ሁሉም ወገን ተገናኝቶ እንዲነጋገር አዝዞ ነበርና፣ በቀጠሮው ቀን አንድ ረጅም ጠረጴዛ ከበው ተቀመጡ። የካውንቲው ጠበቃ ቀደመ። «ካውንቲው ያዝናል። ጥፋት ካለ ግን የአቶ ሃስኪንስ የግላቸው ነው።»

የቨርኔታ ጠበቃ ይህን ወጥመድ ለኮራ አስቀድሞ ነግሯታል። ከዚህ በፊት ልክ እንዲህ ያለውን ድርጊት ሕገ ወጥ ነው ያለ ፍርድ ከሌለ ጠባቂው አይጠየቅም። ካውንቲውም ልማዱ ካልሆነ በቀር ለሠራተኛው ጥፋት አይጠየቅም። ስለዚህ ሁሉን ዌንደል ላይ ይጭኑታል፣ ዌንደልን ሕጉ ይሸፍነዋል፣ ሁሉም እጁን ታጥቦ ይሄዳል። ጉድ ነው!

ኮራ ቅጹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ላማር ረቡዕ በክፍሉ ውስጥ ፈረመ ይላል። ጽሑፉ ጥቁር፣ ፊርማው አረንጓዴ ነው። ክፍሉ ውስጥ እስክሪብቶ አይገባም። አረንጓዴው እስክሪብቶ ደግሞ ከመግቢያው ጠረጴዛ ጋር ታስሯል። ላማር እዚያ የቆመው ማክሰኞ ሲገባ ብቻ ነው። ገና ያልቀረበለትን መድኃኒት እንዴት እምቢ ይላል? የፈረመው ባዶ ቅጽ ላይ ነው።»

«የሞላው ዌንደል ነው» አለ ካፒቴኑ ፈጠን ብሎ።

«ይሄንን፣ አዎ።» ኮራ በፍርድ ቤት ትእዛዝ የወጣውን የሁለት ዓመት የእምቢታ ቅጾች ፋይል ገፋ አደረገችለት። «እነሆ አርባ ሦስት እምቢተኞች። የአርባ ሦስቱም ፊርማ አረንጓዴ ነው። የሞሉት ግን አምስት ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው የእጅ ጽሑፍ የእርስዎ ነው፣ ካፒቴን። ሰኞና ዓርብ ግን እምቢ ያለ አንድም የለም። ሕመምተኛው ሁሉ እምቢተኛ የሚሆነው ነርስ በሌለችበት ቀን ነው። ይሄ የዌንደል ጥፋት ብቻ አይደለም፤ የቤቱ ልማድ ነው።»

ካፒቴኑ መሳቁን ተወ።

ቨርኔታ ወደ ጠባቂው ዞረች። «ዌንደል፣ ልጄ መድኃኒቱን እምቢ ብሏል?»

አትናገር ያለው ጠበቃ ክንዱን ያዘው፤ ዌንደል ግን እጁን ነጠቀ።

«አላለም፣ እትዬ ቨርኔታ። ሲለምነኝ ነው የዋለው። ‹ሳላገኝ ካደርኩ እሞታለሁ፤ ለእናቴ ደውልላት፣ መጠኑን እሷ ታውቃለች› አለኝ። ሦስት ጊዜ ነገረኝ።»

«አልደወልክልኝም።»

«በሥራው መጀመሪያ ቀን ‹ወረቀቱን ሙላና እለፍ› ተብዬ ነው የተማርኩት።» አለቀሰ። እሷም አለቀሰች፤ ልጇ አልተቀየማትም ነበርና።

በሚያዝያ ዳኛው ወሰኑ። በካውንቲው ላይ የቀረበው ክስ ይቀጥላል፤ ዌንደል ግን በነጻ ተሰናበተ። ኮራ ወረቀቱን ይዛ ወደ በረንዳው ሄደች።

«ምን ብለው ነው የለቀቁት?» አለች ቨርኔታ።

«እንዲህ ያለ ነገር ከዚህ በፊት ተፈርዶበት ስለማያውቅ፣ ጥፋት መሆኑን አስቀድሞ የነገረው የለም ነው የሚሉት።»

ቨርኔታ ወረቀቱን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ላማር ነግሮት ነበር እኮ» አለች። «ሦስት ጊዜ ነገረው።»