አንገቷ የተሰበረው ጽጌረዳ

«ቋ!» አለ።

ቀጮ ዞር ስትል ለካ ቦርሳዋ አጠገቧ ያለው ጠረጴዛ ላይ የተደረደረውን አበባ ገጭቶታል። መሃል ላይ የቆመችው ነጭ ጽጌረዳ፣ ያቺ ቡጢ የምታክለው፣ አንገቷ ተቀንጥሶ ጠረጴዛው ላይ ተጋድማለች።

«ወይኔ ጉዴ!»

ልታግዛት አብራት የመጣችው የአክስቷ ልጅ ግራ ቀኝ አየች። የአበባው ባለቤት፣ ጡረታ የወጡት ነርስ፣ እጃቸውን ሊታጠቡ ወጥተዋል። አዳራሹ ውስጥ ያለው ተወዳዳሪ ሁሉ አቀርቅሮ የራሱን አበባ እየቆረጠ ነው፤ ማን ማንን ያያል?

«ማንም አላየሽም። ቆይ፣ ስቴኪኒ አለኝ።»

«ስቴኪኒ ምን ያደርጋል?»

«ዝም ብለሽ ያዥልኝ አቦ!»

ስቴኪኒውን ግንዱ ውስጥ ሰካችና አበባዋን ከላይ ጫነችባት። ቆመች! እንዲያውም ከበፊቱ ቀና ብላለች።

«አየሽ? ፏ አለች እኮ።»

ቀጮ ግን ደንቡን ታውቃለች። በአትክልት ክበቡ ውድድር አበባን በእንጨት ወይም በሽቦ ደግፎ ማቆም ክልክል ነው። አምና አንድ ሰውዬ ሽቦ ተገኝቶበት ስሙ በማይክራፎን ተጠርቶ ነው የተባረረው። አወጣጡ አይረሳትም፤ የአበባ ማስቀመጫውን እንደ ሕፃን አቅፎ፣ መሬት መሬት እያየ።

ነርሷ ተመለሱ።

«ውይ፣ ያንቺ እንዴት አምሯል ልጄ! በግራ በኩል ብቻ ትንሽ ክፍት ተይለት። አበባም መተንፈስ ይፈልጋል።»

«እሺ እትዬ» አለች ቀጮ፣ ቀና ብላ ሳታያቸው።

በየጠረጴዛው የሚዞረው ባለመነጽር ዳኛ አንድ አመል አለው፤ እያንዳንዱን አበባ አንገቱ ሥር በእርሳስ ጫፍ ቀስ አድርጎ ይነካል። ሦስት ጠረጴዛ ቀረው። ሁለት። ቀጮ በዓይኗ ትቆጥራለች። አሁን ልናገር? አሁንስ? ከተናገረች ስሟ በማይክራፎን መጠራቱ ነው፤ እናቷ ደግሞ እዚያ የተመልካቾቹ ወንበሮች ጋ ሆና በስልክ እየቀረጸቻት እጇን ታውለበልብላታለች።

እርሳሱ ጽጌረዳዋን ነካት። ጎንበስ አለች። ስቴኪኒው ብቅ አለ።

«ይሄ ምንድነው እናቴ?» አለ ዳኛው።

ነርሷ ጠጋ ብለው አዩ። «እኔ... እኔ አላደረግኩትም።»

«ታዲያ ማን አደረገው? አበባው የእርስዎ አይደለም እንዴ?»

ነርሷ እጃቸውን አገላብጠው አዩት፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል።

«እንጃ። ሰሞኑን ነገር እየረሳሁ ነው። ትናንትም ምድጃውን ሳላጠፋ ከቤት ወጥቼ...» ድምፃቸው እየወረደ ሄደ። «እኔ ነኝ መሰለኝ። አዎ፣ እኔው ነኝ። ይቅርታ።»

ቀጮ እንዲህ የፈራ ትልቅ ሰው አይታ አታውቅም።

የአክስቷ ልጅ እጅጌዋን ጨምድዳ ያዘቻት። «በናትሽ ቀጮ!» አለች በሹክሹክታ። «አለቀ እኮ! ራሳቸው አመኑ!»

ቀጮ እጅጌዋን አስለቀቀች። እናቷ ስልኩን እንዳነሳች ነው። እስከ ነርሷ ድረስ ሁለት እርምጃ ነው፣ ሁለት ብቻ።

ሄደች።

«እትዬ» አለች፣ «ምንም አልረሱም።»