አራተኛው ጥቅል

ጠፍ፣ ጠፍ፣ ጠፍ፣ ጠፍ…

ድምፁ ከኋላዋ፣ ከላይ ከሲኒማ ቤቱ ግድግዳ ውስጥ ነበር የሚመጣው። ዓይኗን ጨፍናለች። ፊልሙ ላይ ማዕበሉ ሊጀምር ሲል ሁልጊዜ ትጨፍናለች፤ ስትገልጥ ራሷን ማዕበሉ መሀል እንድታገኝ። ድምፁን ግን አወቀችው። ያለቀ የፊልም ጥቅል ጅራቱ ተፈትቶ፣ ማሽኑ ሳይቆም ሲሽከረከር ነው እንዲህ የሚጮኸው። የፊልም ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው አባቷ በሃያ ሁለት ዓመት ሥራው ይህን ድምፅ ለተመልካች አሰምቶ አያውቅም።

ዓይኗን ገለጠች። ስክሪኑ ነጭ ነበር፣ ባዶ።

«አቦ ኦፕሬተር! ተኝተሃል እንዴ?»

ፉጨቱ ቀለጠ። አንዱ ወንበሩን በእግሩ ይደልቅ ጀመር። ከዚያ ምስል መጣ፤ ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። ግን ማዕበል አልነበረም። የመርከብ አዛዡ ሚስት ጥቁር ለብሳ መቃብር ላይ ታለቅሳለች። የባሏ ኮፍያ ሣጥኑ ላይ ተቀምጧል።

«ማነው የሞተው?» አለ ከፊት ያለ ልጅ። «ሰውዬው አሁን ቁርስ እየበላ አልነበር እንዴ?»

«በቃ፣ ቁርሱ ነዋ የገደለው!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሴትዮዋ ባለቀሰች ቁጥር ሳቁ ባሰ። እሷ ብቻ አልሳቀችም። ፊልሙን በሳምንቱ ውስጥ ሦስት ጊዜ አይታዋለች። ማዕበሉ ያለው አራተኛው ጥቅል ላይ ነው። አባቷ አራተኛውን ዘሎ አምስተኛውን አስገብቷል።

ጓደኞቿ «ትኬት» ነበር የሚሏት። አንድም ቀን ትኬት ቆርጣ ሳትገባ አንድም ፊልም አያመልጣትማ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሌላው ልጅ ዘመድ ጋ ይሄዳል ወይ እስከ ረፋድ ይተኛል፤ እሷ የምትቆጥረው ዓርብን ነው። ዓርብ አዲስ ፊልም ይገባል። ውጭ ፀሐዩ አናት እየበሳ፣ እሷ ከባዱን መጋረጃ ገልጣ ወደዚያ ቀዝቃዛ ጨለማ ትገባለች። የመጀመሪያዋን ግማሽ ደቂቃ ምንም አይታይም። የወንበሮቹን ጀርባ እየዳሰሰች ሰባተኛ ረድፍ፣ ጥግ፣ ሽቦው ስለሚወጋ ማንም የማይፈልገው ወንበር ላይ ቁጭ ትላለች። ከዚያ ከራሷ በላይ ያ የብርሃን ጨረር ይዘረጋል፤ አቧራው ውስጡ ይደንሳል። የዚያ ብርሃን መነሻ አባቷ ነው። ስንት ልጅ ነው እንዲህ ማለት የሚችለው?

ትርኢቱ ሲያልቅ አብረው በእግር ወደ ቤት ይመለሳሉ። «አንቺ ታዪዋለሽ፣ እኔ እሰማዋለሁ» ይላታል አባቷ፤ ከማሽኑ ጩኸት የተረፈውን ማለቱ ነው። ስለዚህ ታሪኩን የምትነግረው እሷ ናት። በዚህ እረፍት የአንዱን ፊልም ታሪክ ሦስት ምሽት ተከታትሎ ጠይቋት፣ ሦስቴም ከሥር ከመሠረቱ ነግራዋለች። አነጋገሬን ወዶልኝ ነው ብላ ደስ ብሏት ነበር። አንድ ቀንም በእህቱ ስም ጠራት። ሳቁበት፤ አለፈ።

የብረቱን ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች። የማሽን ክፍሉ እንደ ምድጃ ይጋረፋል። አባቷ ግራጫ የሥራ ካፖርቱን ለብሶ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ በትንሿ መስኮት ቁልቁል ያያል።

«እሙዬ! ምነው? ሳቁን ሰማሽ?» አለ ፊቱ በርቶ። «ዛሬ ወደውታል።»

መደርደሪያው ላይ ክቦቹ የፊልም ጣሳዎች ተደርድረዋል። ቁጥሩ የተጻፈው ክዳናቸው ላይ ነው፤ የጣሳዎቹ አካል ግን ለዓይን አንዱ ከሌላው አይለይም። አራተኛው እንደተከደነ አለ። የአምስተኛው ባዶ ጣሳ ግን ማሽኑ አጠገብ ነው፤ ክዳኑ ጎኑ ተገልብጧል።

ወዲያው ከታች ቁልፍ ሲንሿሿ ተሰማ። ሥራ አስኪያጁ ወገቡ ላይ ሠላሳ ያህል ቁልፍ ስለሚያንጠለጥል፣ ሠራተኞቹ ከኋላው «ቁልፉ» ነው የሚሉት። ደረጃውን ጀምሮታል።

አላሰበችም። ሮጣ የአራተኛውን ጣሳ ክዳን ፈለቀቀች፤ የአምስተኛውን ክዳን በኃይል ተጭና ገጠመችበት። የአራተኛውን ክዳን ማሽኑ አጠገብ አስቀመጠች። አባቷ ጀርባውን ሰጥቶ መቃብሩን እያየ ነበር።

«ምንድን ነው ይሄ ጉድ?» ሥራ አስኪያጁ በሩን ሞላው። «ሰዉ መሳቂያ አደረገን እኮ!»

«ምኑ?» አለ አባቷ።

ሥራ አስኪያጁ ክዳኑን አነሣ። «አራት ይላል። ከአራት ጣሳ አምስተኛው ጥቅል ወጣ?» ምላሱን ጠቅ አደረገ። «ገባኝ። ያቺ ጠቅላይ ሴትዮ ናት። ጠቅልላ ስትመልስ አሳስታ ከታዋለች።»

አባቷ ክዳኑን ተቀብሎ ረጅም ጊዜ አየው። «አራት ይላል» አለ ቀስ ብሎ፤ ትከሻው ዝቅ አለ፣ የሆነ ሸክም እንደወረደለት ሰው። «እንግዲህ ሰው ናት፤ ምን ይደረጋል።»

ጠቅላይዋ ከማሽን ክፍሉ ጀርባ ባለች መስኮት አልባ ክፍል ውስጥ የምትሠራ የሃምሳ ዓመት ሴት ነበረች። ታይቶ ያለቀውን ጥቅል ሁሉ በእጅ ማዞሪያ ወደ መጀመሪያው ትመልሰዋለች፤ ወደየጣሳው ትከታለች። «ዕድሜዬን ሙሉ ፊልም ከኋላ ወደ ፊት ነው የማየው» እያለች ትቀልዳለች። «እኔ ዘንድ ሰው ሞቶ አይቀርም፤ ሁሉም ይነሣል።»

በማግስቱ ጠዋት ትኬት የጠቅላይዋን በር ገፋ አድርጋ ስትገባ ሴትዮዋ ጉንጯ አብጦ በሻሽ ታስሯል። የእጅ ማዞሪያዋን አላቆመችም።

«ግቢና ዝጊው። አቧራ ይገባል።»

«ጥርስዎን ነው እንዴ፣ እትዬ?»

«ትናንት ነቀልኩት። ለአንድ ቀን ከሰዓት ወጣሁና ይኸው ጉድ ፈላ።» ፈገግ ለማለት ሞክራ አመማት። «እስከ ዓርብ ነው ያለኝ ቁልፉ። ዓርብ ሌላ ሰው ያመጣል።»

ትኬት ግድግዳውን ተደገፈች።

«ክዳኑን ማን እንደቀየረው አውቃለሁ» አለች ሴትዮዋ፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረበትም። «የአራተኛው ጣሳ ጠርዙ ተጨፍልቋል፤ ከራሱ ክዳን በቀር ሌላ አይቀበልም። የሌላ ክዳን በግድ ተጠቅጥቆበት አገኘሁት። አባትሽ እንዲህ ያለ ነገር አያስብም። አያስታውስምም።»

«ደክሞት ነው» አለች ትኬት። ትናንት ማታ እናቷ ያለቻት ይህንኑ ነበር፤ ከምትሠራበት ከሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ገብታ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ። «ደክሞት ነው። ሰው አይደክመውም?» ብላ ፊቷን አዞረች።

«ይሁን፣ ደክሞት ነው።» ሴትዮዋ ማዞሪያውን አቆመች። «እጁ ግን አልደከመም። ፊልሙን ዓይኑን ጨፍኖ ያስገባዋል። የጠፋበት ቁጥሩ ነው። ያለቀውን ልውሰድ ብዬ እገባና ቀጣዩን እጁ ሥር ከፍቼ አስቀምጥለታለሁ። ይኸው ስምንት ወር። አንድም ቀን ተሳስተን አናውቅም።»

ስምንት ወር። ትኬት በስምንት ወር ውስጥ ያየቻቸውን ፊልሞች ሁሉ አሰበች። ከዚያ የብርሃን ጨረር ጀርባ አባቷ ብቻውን አልነበረም።

«ለምን ለሥራ አስኪያጁ አልነገሩትም?»

«ለቁልፉ?» ሴትዮዋ በአፍንጫዋ ሳቀች። ከዚያ ወደ ጣሳዎቹ ጠቆመች። «እዚህ ስገባ ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። ጣሳ ላይ የተጻፈውን ያስተማረኝ አባትሽ ነው። ከአንድ እስከ ስድስት። ለመጀመሪያ ይበቃሻል፤ ሌላውን እየቆየሽ ትጨምሪያለሽ አለኝ።»

«እትዬ… እኔ እነግረዋለሁ። እናገራለሁ።»

«እኔ ተናገሪ አላልኩሽም።» ማዞሪያውን እንደገና ያዘች። «አትናገሪም አላልኩሽም። ሂጂ አሁን፤ ገና ሁለት ጥቅል ይቀረኛል።»

ዓርብ ጠዋት አዲሱ ፊልም ገባ። በየሳምንቱ እንደሚያደርጉት ትኬትና አባቷ በባዶው አዳራሽ ሞከሩት፤ ጣሳዎቹን በየተራ የምታቀብለው እሷ ነበረች። በባሕር ዳርቻ ለመርከቦች መንገድ የሚያበራ የመብራት ቤት ጠባቂ ታሪክ ነው። ሌላ ዓርብ ቢሆን አይታ አትጠግብም ነበር። የባሕሩ ሰማያዊነት፣ ጠባቂው ጠመዝማዛውን ደረጃ ሲወጣ ከሥር የሚታየው ጥላው… ዓይኗ ሁሉንም አየ፤ ሐሳቧ ግን ጠቅላይዋ ጋ ነበር። እሷ ዝም ካለች ሴትዮዋ ከሥራ ትወጣለች፤ ከዚያ ደግሞ ቀጣዩን ጥቅል አባቷ እጅ ሥር የሚያስቀምጥ ሰው አይኖርም። ከተናገረች አባቷ ይወጣል። የቱንም ብትመርጥ ያ ክፍል ባዶ ነው። ሦስተኛ መንገድ ፈለገች። ፊልም ላይ ሁሌ ሦስተኛ መንገድ አለ።

«አሪፍ ነው፣ አይደል እሙዬ?» አለ አባቷ ማሽኑን እያጠፋ።

«አሪፍ ነው፣ አባ።»

«በይ ነይ፣ ቢሮ እንሂድ። ስለ ጠቅላይዋ ልለምንላት ነው። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ለአንዲት ስሕተት ሰው ይባረራል? እኔ ይቅር ብያታለሁ።»

አብራው ወረደች።

ቢሮው ጠባብ ነው። ሥራ አስኪያጁ ከጠረጴዛው ጀርባ ተቀምጧል፤ ጠቅላይዋ በሩ አጠገብ የእጅ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ይዛ ቆማለች። አባቷ ወንበር ተሰጠው፤ ካፖርቱን አውልቆ ጭኑ ላይ አጠፈው።

«እንግዲህ ሰው ይሳሳታል» አለ አባቷ። «እኔም እሷም ሰው ነን። ሌላ ጊዜ ትጠነቀቃለች። አይደለም እንዴ፣ እህቴ?»

ጠቅላይዋ አንገቷን ደፋች። «አዎ፣ ጋሼ። እጠነቀቃለሁ።»

ያኔ ነው ትኬት መሸከም ያቃታት። ሴትዮዋ አጥፍቻለሁ እያለች ነው፤ አባቷ ደግሞ የራሱን ጥፋት ለሌላ ሰው ይቅር እያለ፣ እንዲህ ደግ ፊት ይዞ።

«ክዳኖቹን የቀየርኳቸው እኔ ነኝ።»

ሁሉም ዞሩ።

«ምን አልሽ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«እትዬ አልተሳሳቱም። ሁሉም በየጣሳው ነበር። የተከፈተው… የተከፈተው አምስተኛው ነው። እርስዎ ደረጃውን ሲወጡ ሰምቼ ክዳን ቀየርኩ።»

«ልጅ ናት፣ አይስሟት» አለች ጠቅላይዋ በጥድፊያ። «ሆዷ አልችል ብሏት ነው፤ ለእኔ አዝና…»

ሥራ አስኪያጁ እጁን አነሣ። ቁልፎቹ እንኳ ዝም አሉ። አባቷን አየው፤ በቁጣ አልነበረም፣ ያ ነው የባሰው። በጣም ቀስ ባለ ድምፅ፣ ሕፃን እንደሚያነጋግር ሰው፣ «እስኪ ኦፕሬተር፣ ዛሬ የምናሳየው ፊልም ምንድን ነው?» አለው።

አባቷ ሳቀ። «ይሄ ምን ጥያቄ ነው?»

«ብቻ ንገረኝ።»

«አዲሱ ነዋ። አሁን ሞክረነው መጣን።»

«እሱማ። ስለ ምንድን ነው?»

አባቷ አፉን ከፈተ። ሳቁ ፊቱ ላይ ትንሽ ቆየ፤ ባለቤቱ ወጥቶበት በሩ ክፍት እንደቀረ ቤት። ጣቶቹ የካፖርቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ነኩ። ከዚያ ዞሮ እሷን አየ።

ምን እንደፈለገ ገባት። አንድ ቃል ነው። ከንፈሯን ብቻ ብታንቀሳቅስ ይበቃዋል፤ ሥራ አስኪያጁ እሷን አያይም። «መብራት»። ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ዛሬን ያልፋል። ነገ ደግሞ ሌላ ቃል፣ ከነገ ወዲያ ሌላ፤ ከዚያ ትምህርት ቤት ይከፈታል።

አፏን ዘጋች። ዓይኗን ግን ከዓይኑ ላይ አላነሣችም።

አባቷ ለረጅም ጊዜ አያት። የሆነ ነገር ፊቱ ላይ መጣ፤ ገብቶት ይሁን ጠፍቶት ልታውቅ አልቻለችም። ተነሣ። የሥራ ካፖርቱን ወንበሩ ላይ በጥንቃቄ ዘረጋው፤ እጅጌዎቹን አስተካከለ። ጠቅላይዋ ከበሩ ላይ ገለል አለችለት፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ አመሰገናት።

ካፖርቱን እዚያው ትቶ ወጣ።