ዛፍ በእግሩ አይሄድም

«ገደልኩት!»

የጮህኩት እኔ ነኝ። ሥራዬ ዛፍ ማጥናት ነው፤ በቤተ ሙከራችን ጥግ ካለው የባሕር ውኃ ገንዳ ውስጥ ኪያር የመሰለ ፍጡር አየሁና ባነሳው፣ አንጀቱን እጄ ላይ ዘረገፈው!

የገንዳው ባለቤት፣ ያን ቀን ሥራ የጀመረችው ተመራማሪ፣ ሮጣ መጥታ ነጠቀችኝ።

«አልሞተም። የባሕር ኪያር ሲደነግጥ እንዲህ ነው፤ ሌላ አንጀት ያበቅላል።»

«የእኔስ ልብ? ቆሟል እኮ!»

ሳቀች። በቃ፣ አለቀልኝ።

አለቃችን ጋሼ አንድ ሥራ ላይ ጠመዱን፤ ሊጠፋ የተቃረበውን ዛፌን ሊጠፋ ከተቃረበው እንስሳዋ ጋር እንድናነጻጽር።

«ዛፍና ኪያር! ሰላጣ ልንሠራ ነው?» አለችኝ።

ወራት ለፋን። አንድ ከሰዓት ግን ደንግጠን ተያየን። የእኔ ዛፍ ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ነው የሚበቅሉት፤ መሃላቸው ያለው ደን ሲመነጠር ተራራቁና ፍሬ አጡ። የእሷ ኪያሮችም ተለቅመው ጥቂት ሲቀሩ፣ ዘራቸው ውኃው ውስጥ ሳይገናኝ ይባክናል።

«የተረፉትን የሚጨርሳቸው ርቀት ነው...» አለች ቀስ ብላ።

በማግስቱ፣ «ባሕሩ ዳርቻ ወዳለው ጣቢያ ልዛወር ነው። ምን ትላለህ?» አለችኝ።

ክው አልኩ! ግን ሕልሟን ላሰናክል?

«እንኳን ደስ አለሽ።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው... ነው።»

ከዚያ ወዲያ «እርስዎ» ትለኝ ጀመር።

ሥራችንን ያቀረብን ዕለት አዳራሹ ሞልቷል። ጋሼ ጠየቁ፤ «እሺ፣ መፍትሔውስ?»

«ማቀራረብ» አለች። «ኪያሩስ ቢያንስ ይሳባል። ዛፍ ግን በእግሩ አይሄድም። ቆሞ ይደርቃል እንጂ!» የምታየው እኔን ነበር።

«ተነቅሎ ይተከላል» አልኩ።

«የት?»

«ባሕሩ ዳርቻ። አሸዋም ቢሆን።»

«ልጆች» አሉ ጋሼ ግራ ተጋብተው፣ «ስለ ዛፍ ነው የምታወሩት?»

«አይደለም ጋሼ!» አልን እኩል።

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እሷ ግን ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ዛፎችዎን ትተው?»

«ለጋሼ አደራ እሰጣለሁ። እኔን ግን አንቺ ውኃ አጠጪኝ።»

«አንተ ጅል! እዚያ ያለው ውኃ ሁሉ ጨው ነው እኮ!»

«አንተ» አለችኝ! ሌላውን አልሰማሁም።

ይህን የምጽፍላችሁ ከባሕሩ ዳርቻ ነው። ሚስቴ ከኋላዬ ቆማ ታነባለች።

«እርስዎ፣ አሁንስ አላበዙትም?» ትለኛለች... እየሳቀች።